መልስ የማይሰጥ ተከሳሽና ችሎቱ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ይሠራበት የነበረው የቀድሞው ዳኝነት ተከሳሽ ከሙግት እንዲርቅ ብዙ ቀዳዳ አይተውለትም ነበር። ባላጋራው «በሕግ አምላክ» ወይም በንጉሡ ስም ካስቆመው ጥሪውን ጥሶ መሄድ ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር፤ ዋስ ያጣም ከከሳሹ ጋር በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝቶ፣ ማለትም ቁራኛ ሆኖ፣ ዳኛ ፊት ይደርስ ነበር። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀርም የአገሬው ሰው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በተባለው የምርመራ ጉባኤ ይሰበሰብ ነበር፤ ከጉባኤው የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል።

የእነዚህ አካባቢዎች የወረዳ ፍርድ ቤቶችም ሆኑ በደብረ ብርሃን የሚያስችለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለዐሥርት ዓመታት የሠሩበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። በቁጥር 127 ተከሳሹ ራሱ መቅረብ እንዳለበት ቢደነግግም፣ አደገኛ ነው ወይም ያመልጣል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ከሌለ በሰንሰለት ታስሮ እንዳይቆም ያዝዛል። ክሱ ከተነበበ በኋላ ተከሳሹ የሚሰጠው መልስ የእምነት ክህደት ቃል ይባላል፤ ዝም ካለ ግን ዝምታው እንደ ማመን ሳይሆን እንደ ክህደት ተመዝግቦ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን እንዲያሰማ ይደረጋል። በእንግሊዝ አገር ግን እስከ 1772 እ.ኤ.አ. ድረስ በከባድ ወንጀል ተከሶ መልስ የነፈገ ሰው ደረቱ ላይ ክብደት እየተጫነ ይሠቃይ ነበር፤ ዝምታ እንደ ክህደት መመዝገብ የጀመረውም በ1827 ነው። የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ማንም ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ ይደነግጋል።

ዝምታ ዋጋ የሚያስከፍለው በኋላ ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበታል፤ ካስረዳ ግን ችሎቱ ተከሳሹ እንዲከላከል ብይን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የማይከላከል ሰው የቀረበበት ማስረጃ ሳይስተባበል ይቀራል። ይህ በግልጽ የታየው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በከፍተኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት በተከሰሱት የተቃዋሚው ቅንጅት ፓርቲ መሪዎች ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ክሱ ፖለቲካዊ ነው ብለው መልስ ባለመስጠታቸው ክህደት ተመዘገበላቸው፤ እንዲከላከሉ ከተበየነ በኋላም ባለመከላከላቸው ሰኔ 4 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ፤ ሐምሌ 9 ቀን ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ እስራት ከተፈረደባቸው በኋላ፣ ሐምሌ 13 ቀን በይቅርታ ተለቀቁ። በዚያው መዝገብ መከላከልን የመረጡት ሁለት የሲቪክ ማኅበራት ሠራተኞች ደግሞ በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ቀለል ባለ አንቀጽ ጥፋተኛ ተባሉ። አንዱ ወገን ብቻ በተናገረበት መዝገብ ላይ የዳኛው ሸክም ከወትሮው ሊከብድ ይገባል፤ ያልተጠየቀ ምስክር የሚመዘነው በዳኛው ጥንቃቄ ብቻ ነውና።

ችሎቱን የሚያውክ ተከሳሽ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 ችሎት በመድፈር ሊቀጣ ይችላል፤ ይህ ቅጣት ግን ለዋናው ክስ ማስረጃ አይሆንም። ከነጭራሹ ያልቀረበ ሰው በመጀመሪያ የመያዣ ትእዛዝ ይወጣበታል፤ በሌለበት ሊዳኝ የሚችለው በዋናነት ከ12 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ሲከሰስ፣ ጥሪውም በጋዜጣ ሲወጣ ነው። ወደ ዚምባብዌ የሸሹት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ የተባሉት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ ሞት የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ጥሪው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት እንዳልቀረበ ካስረዳ፣ ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ፍርዱ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል።