ኮዱ ከግቢ ሳይወጣ
ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወራው ሶፍትዌሩ በነጻ መገኘቱ ነው። ሶፍትዌር ሠርቶ ለሚሸጥ ኩባንያ ግን ከዚያ የበለጠ የሚጠቅመው ከጀርባው ያለው የአሠራር ልማድ ይመስለኛል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ የተባለው ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮች መሠረት ነው። ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ በአካል ተያይተው አያውቁም። የሚግባቡት ሥራውን በጽሑፍና በግልጽ ስለሚያካሂዱት ነው፤ ማሻሻያ ያለው ይልካል፣ ለምን እንዳስፈለገ ያስረዳል፣ ሌሎች ይተቹታል፣ ኃላፊው ይቀበለዋል ወይም ይመልሰዋል። ክርክሩ ተመዝግቦ ስለሚቀር ከዓመታት በኋላ የመጣ ሰው ውሳኔው ከምን እንደመነጨ አንብቦ ይረዳል።

በብዙ ኩባንያዎች ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አንዱ ክፍል የሌላውን ኮድ አያይም፤ ሁለት መስመር የምታህል እርማት እንኳ ጥያቄ ቀርቦላት ተራ ትጠብቃለች። ባለጉዳዩ ሲሰለቸው ያንኑ ሥራ ለራሱ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ ኩባንያውም ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አሳታሚው ቲም ኦራይሊ እ.ኤ.አ. በ2000 «ኢነር ሶርስ» ያለው መፍትሔ ኮዱን ወደ ውጭ ሳያወጡ ለኩባንያው ሠራተኞች መክፈት ነው። የክፍያ ኩባንያው ፔይፓል ይህን መንገድ ሲከተል፣ ከሌላ ክፍል የመጣን እርማት የሚመረምሩና ጸሐፊውን የሚያግዙ የታመኑ ባለሙያዎችን ሰየመ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ምርመራው በትርፍ ጊዜ የሚዋል ውለታ ሆኖ ከቀረ አይዘልቅም፤ ሰዓት የተመደበለት ሥራ መሆን አለበት።

የኩባንያው ምስጢር ይወጣል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ይሁንና የይለፍ ቃልና የደንበኛ መረጃ መጀመሪያውኑ ኮድ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም፤ እውነተኛ ምስጢር የሆነ ቀመር ካለም እሱን ብቻ ለይቶ መቆለፍ ይቻላል። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ፣ ኮዱ ለዓለም ክፍት በሆነው ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የማመስጠሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ሳይታይ ኖሯል። እንግዲህ መከፈት ብቻውን ጥራት አያመጣም። ያን ጊዜ ግን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ድረ ገጾች የሚተማመኑበትን ሶፍትዌር ይንከባከቡ የነበሩት እጅግ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡም አነስተኛ ነበር። ደመወዝ የሚከፍል ኩባንያ ይህን ጉድለት መሙላት ይችላል። ይችላል እንጂ ይሞላል ማለት አይደለም፤ የሠራተኛ ምዘናው የራስን ክፍል ሥራ ብቻ የሚቆጥር ከሆነ፣ የሌላውን ኮድ ሲያርም የከረመው ሰው በዓመቱ መጨረሻ ተጎጂ ይሆናል፤ የምዘናውን መስፈርት የሚያወጣው ደግሞ አለቃው እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም።