የፋሲል ግንብ የት የት ረጥቧል?

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትወጣ የጎንደር ግንቦች ፊታቸው ቶሎ ይደርቃል፤ ሆዳቸው ግን ውሃ እንደያዘ ይከርማል። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ ውሃ ይመጥጣል። በበርና በመስኮት ዙሪያ የተጠረበው ቀላ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የገባው ውሃ የት እንደተኛ በዓይን ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ቴርማል ካሜራ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር ያወጣል፤ ካሜራው ጨረሩን ተቀብሎ የግድግዳውን ፊት ሙቀት በቀለም ለይቶ ያሳያል። እርጥብ ቦታ ውሃው ሲተን ስለሚቀዘቅዝ ይታወቃል። ውሃ ለመሞቅ ከድንጋይ ይልቅ ብዙ ሙቀት ስለሚፈልግም፣ የጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ከጎኑ ካለው ደረቅ ቦታ ዘግይቶ ይሞቃል። ከግድግዳው የተላቀቀ ልስን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከኋላው ያለው አየር ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለማያሳልፍ ፊቱ ፈጥኖ ይግላል፣ ሲመሽም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። በዚህ መንገድ ለመመርመር ግድግዳውን ማፍረስ አያስፈልግም።

ለጎንደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አፄ ፋሲለደስ (ፋሲል) በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆራት ከተማ ግንቦች በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር። በኋላ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ጥገናው ወደ ኖራ ተመለሰ። ሲሚንቶ ግድግዳው እንዳይተነፍስ ስለሚዘጋው ውሃው መውጫ አጥቶ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በመዶሻና በመሮ እየቆፈሩ መመርመር ሌላ ቁስል መጨመር ነው፤ ካሜራው ግን ግንቡን አይነካውም።

ካሜራው የሚያየው ፊቱን ብቻ መሆኑን መርሳት አይገባም። ነፋስ፣ ጥላ፣ የድንጋዩ ዓይነት መለያየት ሁሉ ምስሉን ያሳስታሉ። ቀዝቃዛ ሆኖ የታየ ቦታ ሁሉ እርጥብ ስላልሆነ በእርጥበት መለኪያ መረጋገጥ አለበት። ስንጥቅ ካለም የግንብ ሙያ የሚያውቅ ሰው በቅርብ ይየው።

ግንቦቹን የምትጠብቁና የምትጠግኑ ሁሉ፣ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ያንኑ ግድግዳ በዚያው ሰዓት በቴርማል ካሜራ አንሱና ምስሉን አስቀምጡ። ጥገናው የት መጀመር እንዳለበት የሚታወቀው የዘንድሮው ምስል ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው።