ግድግዳው የማይዘው ጋዝ

በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ጋዝ በቱቦ ሲፈስ ግድግዳውን የነካው ንጣፍ ፈጽሞ እንደማይንቀሳቀስ ተቆጥሮ ይሰላል። ለተራ ቧንቧ ይህ ይበቃናል፤ ክፍተቱ አንድ ማይክሮሜትር ለሆነ ቦይ ግን ያሳስተናል። በክፍል ሙቀትና በተለመደው የአየር ግፊት የአየር ሞሌኪዩል ከአንዱ ግጭት እስከ ሌላው በአማካይ 68 ናኖሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም የክፍተቱ 7 በመቶ ገደማ ነው። ወደ ግድግዳው የሚደርሱት ሞሌኪዩሎች ከመሃል ያገኙትን ፍጥነት እንደያዙ የሚመጡ ናቸውና ጋዙ በግድግዳው ላይ ይንሸራተታል። ኩንትና ዋርቡርግ ይህን እ.ኤ.አ. በ1875 በሙከራ አሳዩ፤ ማክስዌል በ1879 ቀመሩን ሰጠ። ግድግዳው የሚመቱትን ሞሌኪዩሎች በየአቅጣጫው የሚበትን ከሆነ፣ በሁለት ጠፍጣፋ ግድግዳዎች መካከል ያለው ፍሰት ከተለመደው ስሌት 40 በመቶ ያህል ይበልጣል። የጋዝ መቆጣጠሪያ ለሚነድፍ መሐንዲስ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ይበልጥ የሚያስደንቀን የፍሰቱ አጀማመር ነው። ግፊት በቦዩ ሁሉ ድንገት ቢጫን፣ የሚንሸራተተው ጋዝ ቶሎ ወደ ቋሚ ፍጥነቱ የሚደርስ ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ የግድግዳው ጉተታ ስለላላ ጋዙ ረዘም ላለ ጊዜ እየፈጠነ ይሄዳል፣ የሚደርስበትም ፍጥነት ከፍ ያለ ነው። “ረዘም ላለ ጊዜ” ማለታችን ግን በአንጻሩ ነው፤ በዚህ ቦይ ውስጥ ሁሉም ነገር በጥቂት አሥር ናኖሰከንዶች ያበቃል።