በፍል ውኃ መዝናኛ «በቃኝ» ማለትን መልመድ

የመኸር ሥራ ሲጠናቀቅ ወይም በዓላት ሲደርሱ ወደ ሶደሬና ወንዶ ገነት ፍል ውኃዎች ለዕረፍት የሚያቀኑ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ሙቅ ውኃ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ የተወጠረ ጡንቻንም ያፍታታል። ይሁን እንጂ የደም ሥሮች ሲሰፉ የደም ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ለረጅም ጊዜ ተነክሮ ቆይቶ በድንገት የሚነሣ ሰው ራሱን ሊያዞረውና ሊወድቅ ይችላል። አልኮል ከተጨመረበት አደጋው ይብሳል። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕሙማን አስቀድመው ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል።

ወዳጅ «ትንሽ ቆይ»፣ «አንድ ጨምር» ሲል ግን ይሉኝታ ይይዘናል፤ እምቢታችን እንደ ንቀት እንዳይቆጠር እንሠጋለን። «አመሰግናለሁ፣ ለእኔ በቂ ነው» ብሎ በዝግታ መውጣት ወዳጅነትን አያጎድልም። የራስን ዐቅም የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና።