የደከመ ልብ፣ የሚሠራ ጡንቻ

ከመስቀል ፍላወር ተነሥቶ ወደ ካሳንቺስ በእግሩ ለሚጓዝ ጤነኛ ወጣት መንገዱ ቀላል ነው። ልቡ ለደከመ ሰው ግን ከሆስፒታል አልጋ ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ ራሱ ከባድ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል።

የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት ሲሳነው፣ ወይም ይህን የሚያደርገው በውስጡ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ጨምሮ ሲሆን የሚከሰት ሁኔታ ነው። ፈሳሽ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል፤ ሕመምተኛው ትንፋሽ ያጥረዋል። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ሰው ማንቀሳቀስ ልቡን ይበልጥ አያደክመውም?

ይህ ሥጋት የሐኪሞችም ነበር። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የልብ ሕመምተኞች ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርዱ ይታዘዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ግን በአሜሪካዋ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደርጎ ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው ኦክስጅንን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በ27 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ ዕድሜ ያደረሰባቸው ጉዳት ሦስቱ ሳምንታት ካደረሱት ያነሰ ነበር።

ምሥጢሩ ያለው በጡንቻ ነው። የማይሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎቹም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚደክመው ልቡ ስለ ደከመ ብቻ ሳይሆን እግሩም ስለ ሰነፈ ነው። የሠለጠነ ጡንቻ በአንጻሩ ከሚደርሰው ደም ኦክስጅንን አሟጦ ስለሚጠቀም ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ድካም ያከናውናል።

ሥራው የሚጀመረው በጥቂቱ ነው። ሕመምተኛው በመድኃኒት ፈሳሹ ተቀንሶለት ትንፋሹ ሲረጋጋ፣ በመጀመሪያ በአልጋው ጠርዝ ላይ እግሩን አውርዶ ይቀመጣል። ከዚያም ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ በኮሪደሩ ጥቂት እርምጃ መራመድ ይከተላል። ፊዚዮቴራፒስቱ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱንና የኦክስጅኑን መጠን ይከታተላል። እየተራመደ መነጋገር ካቃተው፣ ደረቱን ካመመው ወይም ካዞረው ወዲያው ያስቆመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ይፋ የሆነ አንድ ጥናት፣ በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆኑ 349 ሕመምተኞችን ያካተተ ነበር። በሆስፒታል ተጀምሮ ከወጡም በኋላ ለሦስት ወራት የቀጠለው ሥልጠና የመራመድ፣ የመነሣትና ሚዛን የመጠበቅ ችሎታቸውን በግልጽ አሻሻለ። ተመልሰው ሆስፒታል የሚገቡበትን ጊዜ ብዛት ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አልቀነሰም። እንቅስቃሴ የመድኃኒት ረዳት እንጂ ምትክ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ውጤት እንዳለ ወደ ሀገራችን ማምጣት ይቻላልን? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በኢትዮጵያ በልብ ድካም ከሚተኙት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ምክንያቱም በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ ሕመም የልባቸውን ቫልቭ ስለሚጎዳ ነው። ሚትራል የተባለው ቫልቭ ሲጠብ ደም ወደ ግራው የታችኛው የልብ ክፍል ለመውረድ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እንቅስቃሴ የልብን ምት ሲያፈጥን ያ ጊዜ ያጥራል፤ ደምም ወደ ሳንባ አቅጣጫ ይጠራቀማል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ የልክ ጉዳይ የሞት ሽረት ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ ቫልቩን ሳይመረምር ሥልጠና መጀመር አይገባም።

በሀገራችን ሆስፒታሎች ከሕመምተኛው አጠገብ የማይለየው አስታማሚው ነው። በፍቅር ተነሣሥቶ ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ «ተኛ፣ አትነሣ» ይላል። ይኸው እጅ በባለሙያ ቢመራ ሕመምተኛውን ደግፎ ሊያቆመው ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ፊዚዮቴራፒስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በመሆኑ ሙያው ገና ወጣት ነው። ለሀገራችን ወጣት ሕመምተኞች የሚስማማውን ልክ በጥናት መወሰንም ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያላችሁትን ተማሪዎች የሚጠብቅ ሥራ ነው እንላለን።