የሚተኛ ኬዝ ሲመርጡ
ኮምፒዩተሩን ራሱ ገጣጥሞ ሞኒተሩን ከላዩ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው፣ የሚተኛው ኬዝ የጠረጴዛ ቦታ ይቆጥባል። ችግሩ ሙቀት ነው። ከእንፍራንዝ እስከ ጎንደር ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋን ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ የአየር ማስገቢያው ከላይ ብቻ የሆነውን አይግዙ፤ የሞኒተሩ እግር ይደፍነዋል። ከፊትና ከጎን የተበሳ፣ የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይሻላል።

በጣም ቀጭኑ ኬዝ ያምራል፤ ነገር ግን 86 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለውን የተለመደ ፓወር ሰፕላይ አይቀበልም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የተቃጠለ ዕለት፣ ልዩ መጠን ያለውን ከየት ያመጡታል? እኔ አንዴ ለዚሁ ስል ሙሉ ኬዝ ለውጫለሁ። ማዘርቦርዱ 244 በ244 ሚሊ ሜትር የሆነው ማይክሮ ኤቲኤክስ ቢሆን ይበቃል። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቁመት ግን ከመክፈልዎ በፊት ይለኩ።