ወደ ባሕር ከመውረዳችን በፊት

 

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተማሪዎቼን «ክረምቱን የት ብታሳልፉ ደስ ይላችኋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዲት ልጅ ሳታመነታ «አንታልያ!» አለች። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ «አላንያ!» ሲል ጨመረ። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክ ተከታታይ ፊልሞችን በአማርኛ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የዚያ አገር ባሕር በየቤታችን ስለ ገባ መልሳቸው አልገረመኝም። «በርበራስ?» አልኳቸው። ስሟን ሁሉም ያውቃል። የሚያውቋት ግን ሩዝና ስኳር እንደሚራገፍባት ወደብ ብቻ ነው፤ ቤተሰብ የሚዝናናበት የባሕር ዳርቻ እንዳላት ያሰበ አልነበረም።

ከጅግጅጋ ቶጎ ጫሌ ወደ 70 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በሐርጌሳ በኩል በርበራ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። በማለዳ የተነሣ ቤተሰብ ድንበር ላይ ካልዘገየ በዚያው ቀን ይደርሳል። ይሁን እንጂ ቅርብ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ይህንን የተማርኩት በልጄ ሕመም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቼ ባሕር ካላየን ብለው አስጨነቁኝ። ዕቁብ ደረሰኝ፤ የጎደለውን ከወንድሜ ተበድሬ በሐምሌ ወር ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ወረድኩ። ሐምሌን የመረጥኩት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ነበር። ቱርኮችም በፊልሙ ውስጥ ወደ ባሕር የሚወርዱት በዚሁ ወር አይደለምን? በርበራ ስንደርስ ግን ፊታችንን የመታን ነፋስ ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር። ሌሊቱም አልበረደም። በማግስቱ የሁለት ዓመት ልጃችን አስመለሰው፤ ወዲያው ሰውነቱ ዛለና ዓይኑን መግለጥ አቃተው። ሐኪም ዘንድ ሄደን በግሉኮስ ሌሊቱን አሳለፈ። እናቱ ከአልጋው አጠገብ አልተነሣችም፤ እኔም ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ዳነ። ባሕሩን ያየነው ግን ስንመለስ በመኪና መስኮት ነበር።

በመንገድ ላይ ሻይ የቀዳችልን አንዲት አሮጊት ነገሩን ሰምታ «መዓሊም፣ የበርበራ ሰው ሀጋ ሲገባ ሽቅብ ይወጣል፤ አንተ ሕፃን አቅፈህ ቁልቁል ትወርዳለህ?» አለችኝ። ብዙ መጽሐፍ ያነበብኩት ሰው የምመልሰው አጣሁ።

እናት እውነቷን ነበር። ሶማሌዎች ሀጋ የሚሉት ወቅት እኛ ክረምት ከምንለው ጋር ይገጥማል። በዚያን ጊዜ በበርበራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ አሸዋ የሚያዝል ደረቅ ነፋስም ይነፍሳል። ስለዚህ አቅም ያለው የከተማዋ ነዋሪ ከጥንት ጀምሮ ወደ ሼክና ቡርዖ ደጋማ ቦታዎች ይወጣል። የጥንቱ የበርበራ ገበያም ቢሆን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የሚቆም፣ ሙቀቱ ሲመጣ የሚበተን እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 አካባቢውን ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ጽፏል። የአንታልያ የባሕር ወቅት በጋው ሲሆን የበርበራ ግን ብርዱ ነው። በታኅሣሥና በጥር የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ቤተሰቡን ባሕር ሊያሳይ ያሰበ አባወራ እንዴት ይዘጋጅ?

አንደኛ፣ ጊዜውን ይምረጥ። በጥር መጨረሻ አካባቢ ያለው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት አጭር ቢሆንም ለሦስት ሌሊት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱንና መንገዱን ያጣራ። ድንበር መሻገር ነውና የእያንዳንዱን ሰው ፓስፖርትና ቪዛ፣ የሕፃናቱንም ጭምር፣ ከመነሣቱ በፊት ይጨርስ፤ የመንገዱንም ሰላም በዚያው ሳምንት ከተመለሱ ሰዎች ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡን ያሰላ። በዚያ የሚሠራው ዶላርና የሶማሊላንድ ሽልንግ ነው፤ አብዛኛው ግብይትም ዛድ በተባለው የስልክ ገንዘብ ያልቃል። ለሽርሽር ግን አትበደሩ! እኔ የዚያን ዓመት ዕዳ ከፍዬ የጨረስኩት ታኅሣሥ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ሶላቱን ያስብ። በአካባቢያችን በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቀመጥ ያልነየተ መንገደኛ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ሁለት ሁለት ረከዓ አድርጎ ማሳጠር፣ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመርም ይችላል። ዝርዝሩን ከዑለማእ ይጠይቅ።

አምስተኛ፣ ባሕሩን ይፍራ። የጅግጅጋ ልጅ ዋና አያውቅም። በባታላሌ ዳርቻ ልጆች ከጉልበታቸው በላይ ወዳለው ውሃ አይግቡ፤ አንድ ትልቅ ሰውም ዓይኑን ከእነርሱ አይንቀል። ሴቶች ከፈጅር በኋላ ሰው ሳይበዛ ቢወርዱ ሐያእም ይጠበቃል፣ ፀሐዩም አይበረታም።

በመንገድ ላይ በሐርጌሳና በበርበራ መካከል ላስ ጌል አለ። የጥንት ሰዎች በዋሻ ድንጋይ ላይ የሣሏቸው ላሞች እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ለዓለም ካስተዋወቋቸው ወዲህ ስማቸው ገንኗል። ፈቃዱ ከሐርጌሳ ይወጣል።

«ክረምቱንስ ምን እናድርግ?» የሚል አይጠፋም። ክረምት ሲሆን የቆላ ሰው ነፋሻ አየር ፍለጋ ወደ ደጋ ይወጣል፤ የእኛ ጅግጅጋ ደግሞ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ሌሎች የሚመኙት ቦታ ላይ ተቀምጠናል ማለት ነው። በካራማራ ተሻግሮ፣ በደከታ ሸለቆ የተደራረቡትን ድንጋዮች አይቶ፣ በባቢሌ ኦቾሎኒ ገዝቶ ሐረር መግባት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበውን ጁገልን በእግር መዞርና የዘመድ ቤት ማንኳኳት መዝናናትም ሲለተ ረሕምም ነው።

ቤተሰብን ማስደሰት በዲናችን የተናቀ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከባለቤታቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ መሽቀዳደማቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ደስታው ግን የአደራውን ልጅ ለአደጋ የሚጥል፣ የቤቱን ምጣድ የሚያቀዘቅዝ መሆን የለበትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በጥር ወር እንደገና ወረድን። ያ ታሞ የነበረው ልጄ እጄን ይዞ እግሩን ውሃ ውስጥ ነከረና «አባ፣ ጨው ነው!» ብሎ ጮኸ። እናቱም ሳቀች። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ የእርሷ ሳቅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ጉዞአችንን የሰላም፣ ቤታችንን የደስታ ያድርግልን። አሚን።